ከጤፍ ውስጥ ስንዴ መፈለግ፦ ኤአይ የካንሰር ስላይድ ሲያነብ

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎችና ለሶፍትዌር ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። አዳራሹ ያልነበሩ ሰዎች ስለጠየቁኝ ወደ ጽሑፍ መለስኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

እጄ ላይ ያለችውን መስታወት አያችኋት? ስላይድ እንላታለን፤ ለማስተማሪያ የምንጠቀምባት ናት። ስምም ቁጥርም የላትም። ርዝመቷ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዷ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። መሃሏ ላይ ያለው ሐምራዊ ነገር ከሩቅ ሲያዩት እድፍ ይመስላል። ከአንዲት ሴት ብብት የወጣ ንፍፊት ነው። ንፍፊት ስንል ብዙ ጊዜ ያበጠውን ነው የምናስበው። ሳያብጥም ግን ሁላችንም አለን። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሉታል።

ሴትየዋ የጡት ካንሰር ነበረባት። ከዚህች መስታወት የሚጠበቀው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ካንሰሩ ብብት ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ጡት ላይ የጀመረ ካንሰር መጓዝ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ከብብት ንፍፊቶች በአንዱ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጡቱ ላይ ቀለም ይወጋል። ቀለሙ ቀድሞ የደረሰበትን ንፍፊት ለይቶ ያወጣዋል። ንፍፊቱ እንደ በር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ካልተነካ ከኋላው ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ስለዚህ የሴትየዋን ብብት ሙሉ በሙሉ መጥረግ አያስፈልግም። ብብት የተጠረገ ሰው ክንዱ ሊያብጥ ይችላል፤ እብጠቱ ዕድሜ ልክ አብሮት ሊኖርም ይችላል። የእድፍ ያህል በምትታይ ነገር ላይ ይሄ ሁሉ ይወሰናል።

ዛሬ የማወራችሁ ይህን ጥያቄ ኮምፒውተር፣ ማለትም ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ሲመልስ ነው። "ኤአይ ፓቶሎጂስቶችን በለጠ" የሚለውን ዜና ብዙዎቻችሁ አንብባችኋል። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከሰውነት የወጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየሁ በሽታ የምለይ ሐኪም። ዜናውን ሳነብ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ጥናቱን ራሱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ዜናው የዘለለው ነገር አለ። ለእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ደግሞ እሱ ነው።

መጀመሪያ የእኔ ዓይን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

ከሰውነት የወጣው ሥጋ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ በሰም ይሞላል። ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ እየተላገ ይቆረጣል። ውፍረቱ ወደ 4 ማይክሮን ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ለ250 ሲካፈል ማለት ነው። እንዲህ ሲሳሳ ቀለም የለውም፣ ምንም አይታይም። ስለዚህ ይቀለማል። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም መካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚገኝ ነው። የሴሉን ኒውክለስ ሰማያዊ ያደርገዋል። ኢዮሲን ደግሞ ቀሪውን ሮዝ ያደርገዋል። ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም የምንሠራው በነዚሁ ነው።

ጤነኛ ንፍፊት ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ጥቁር ጤፍ ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ነው። ትናንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሴሎች ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ። የካንሰሩ ሴል ከነሱ ይተልቃል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ጤፍ ውስጥ የገባ ስንዴ በሉት። እፍኝ ስንዴ ከሆነ ማንም ያየዋል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ሥርጭት እንደዚያ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ግን የትሪው ጠርዝ ላይ የተደበቁ ሦስት አራት ፍሬዎችን መፈለግ ነው። ማይክሮ ሥርጭት እንለዋለን። ምስር የለቀመ ሰው ይገባዋል። የመጀመሪያው ትሪ ላይ ጠጠር አያመልጥም። አሥረኛው ላይ ዓይን እያየ ያልፋል።

አሁን ወደ ኔዘርላንድ እንሂድ።

ናይሜኸን ከተማ ያለው የራድቦድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 399 የንፍፊት ስላይዶችን በስካነር ወደ ምስል ቀየሩ። ሁሉም የጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች የተወሰዱ ናቸው። 270ው ለማሠልጠኛ ሆነ። 110ሩ ላይ ሥርጭት አለ፣ 160ው ላይ የለም። ካንሰሩ የት እንዳለ ዙሪያውን በመስመር ተከቧል። የቀሩት 129 ስላይዶች ለፈተና ተደበቁ። ከዚያ ለዓለም ተመራማሪዎች በሙሉ "ኑ፣ ሞክሩ" ተባለ። ውድድሩ ካሜሊዮን16 ይባላል። 32 ፕሮግራሞች ገቡ። ውጤቱ በታኅሣሥ 2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ለመልሱ ትክክለኛነት እንዴት እንደተጨነቁ ልብ በሉልኝ። መልሱን በተለመደው ቀለም ብቻ አልወሰኑም። ሳይቶኬራቲን የሚባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚያቀልም ሌላ ምርመራም ተጠቅመዋል። በሱ የካንሰሩ ሴል ቡናማ ሆኖ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ተወዳዳሪዎቹ፣ ሰውም ማሽንም፣ የተሰጣቸው ግን የተለመደው ሮዝና ሰማያዊ ስላይድ ብቻ ነው።

በሰው በኩል 11 ፓቶሎጂስቶች ተቀመጡ። 129ኙን ስላይድ በሁለት ሰዓት ገደማ እንዲጨርሱ ተነገራቸው። ለአንዱ ስላይድ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከነሱ ሌላ አንድ ፓቶሎጂስት ለብቻው ተቀመጠ። ለእሱ የጊዜ ገደብ አልተደረገበትም። እስኪበቃህ እይ ተባለ።

የውጤቱን መለኪያ በቀላሉ ላስረዳችሁ። ካንሰር ያለበትን አንድ ስላይድና የሌለበትን አንድ ስላይድ በዕጣ አውጡና ለማሽኑ ስጡት። "የትኛው የበለጠ ያጠራጥርሃል?" በሉት። ሁልጊዜ ከለየ 1 ያገኛል። ሳንቲም እንደመወርወር ከሆነ 0.5 ያገኛል።

ከሁሉ የበለጠው የሃርቫርድና የኤምአይቲ ቡድን ፕሮግራም 0.994 አገኘ። 11ዱ ሐኪሞች በአማካይ 0.810 አገኙ። ዜናው እዚህ ላይ ቆመ።

ጊዜ የተሰጠው ሐኪምስ? 0.966 አገኘ። ከላይ ያሉት አምስት ፕሮግራሞች በአማካይ 0.960 ነው ያገኙት። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ሐኪም 129ኙን ስላይድ ለማየት 30 ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ለአንዱ 14 ደቂቃ ያህል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ማሽኑ ያሸነፈው ጥድፊያን ነው። 11ዱ ሐኪሞች ትልልቁን ሥርጭት አላጡትም፣ ከ100 ወደ 93 የሚሆነውን አይተዋል። ማይክሮው ላይ ግን በአማካይ ከ100 የያዙት 38 ያህሉን ብቻ ነው። ከመካከላቸው ጎበዝ የተባለው እንኳ ከሦስት አንዱን አልፏል። ሞያ አንሷቸው አይደለም። ጊዜ ቢሰጣቸው ያዩት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የሚለቅም ሰው የለም። ስላይዱ መደርደሪያ ውስጥ ይገባል፣ ሴትየዋም ደህና ነሽ ተብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በሌላ በኩል ፍትሐዊ እንሁን። በሁለት ሰዓት 129 ስላይድ ማየት የማንም ሆስፒታል አሠራር አይደለም። እውነተኛ ሥራ ላይ የተጠራጠረ ሐኪም ያንን ቡናማ ቀለም ያዛል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ የድሮ ስላይድ ያስወጣል። ፈተናው ላይ ይህ ሁሉ ተከልክሏል።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። የሃርቫርድና የኤምአይቲ ቡድን በ2016 መጀመሪያ ያቀረበው ፕሮግራም ውጤት 0.925 ነበር፤ ጊዜ ከተሰጠው ሐኪም ያንሳል። የደካማውን ማሽን ግምትና የጎበዙን ሐኪም ውሳኔ ሲያጣምሩት 0.995 ሆነ። ደካማው ጎበዙን እንዴት ይረዳዋል? ስህተታቸው ስለማይገጥም ነው። ሰው በድካም ያለፈውን ማሽኑ ያነሳዋል። ማሽኑ ሞኝ ሆኖ የደነገጠበትን ሰው "ተወው፣ ምንም አይደለም" ይለዋል።

ለሶፍትዌር ልጆች ደግሞ አሠራሩን ትንሽ ልበል።

አንድ ስላይድ በደንብ ሲቃኝ በጎን 100 ሺህ፣ በቁመት 100 ሺህ ፒክስል ሊሆን ይችላል። 10 ቢሊዮን ፒክስል ማለት ነው። 12 ሜጋ ፒክስል በሆነ ስልክ ብታነሱት ከ800 በላይ ፎቶ ይሞላል። ይህን በአንዴ የሚውጥ ፕሮግራም አልነበራቸውም። ስለዚህ ይቆርጡታል። በ256 ፒክስል ካሬ ብትቆርጡት ከ150 ሺህ በላይ ቁራጭ ይወጣል። ባዶ መስታወት የሆነውን ይጥሉታል። ለቀረው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ማሽኑ "ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው" ይላል። ቁራጮቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ካርታ ይሆናሉ። ቀይ የሆነበት ቦታ "እዚህ ጋ እይ" ማለት ነው።

ማሽኑ መጀመሪያ ላይ የሚስተው የት ይመስላችኋል? እኛ ተማሪ ሳለን የሳትነው ቦታ ላይ! ንፍፊት ውስጥ ሂስቲዮሳይት የሚባሉ ቆሻሻ ጠራጊ ሴሎች አሉ። ትልልቅና ፈዛዛ ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ያያቸውና "ዶክተር፣ አገኘሁት!" ብሎ ይጮሃል። ተመራማሪዎቹ ማሽኑ እንዲህ የተሸወደባቸውን ቁራጮች ሰብስበው ደጋግመው አስተማሩት። እኔም ሬዚደንቶቼን የማስተምረው እንደዚሁ ነው። የሳትከውን ስላይድ በማግስቱ ጠዋት እንደገና አወጣልሃለሁ።

እዚህ ላይ የርግቦቹን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በ2015 አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያና የአይዋ ተመራማሪዎች ርግቦችን የጡት ካንሰር ስላይድ አስተማሩ። ስክሪን ላይ ምስል ይወጣል፣ ርግቧ ቀለም ያለው ቁልፍ ትነካለች፣ ትክክል ከሆነች ጥሬ ታገኛለች። በሁለት ሳምንት ገደማ ከ100 ወደ 85 በትክክል መለየት ቻሉ። አይተውት በማያውቁት አዲስ ስላይድ ላይም ሠራላቸው። ሲገርመኝ ይኖራል። ነገር ግን ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ የሚታይ እብጠት ክፉ ይሁን ደህና ለዩ ሲባሉ የተማሩባቸውን ምስሎች ሸመደዱ፣ አዲስ ሲመጣ ጠፋባቸው። የተማሩ ይመስሉ ነበር፣ አልተማሩም። ማንኛውም የኤአይ ፕሮግራም ሲቀርብላችሁ የርግቦቹን ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ነገር አይቶት የማያውቀው ስላይድ ላይ ተሞክሯል? የት አገር? በየትኛው ላብራቶሪ ቀለም?

ቀለም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ በርበሬው አንድ ሆኖ እንኳ የወጡ መልክ ከቤት ቤት ይለያያል። የስላይድ ቀለምም እንደዚያ ነው። አንዱ ላብራቶሪ ሐምራዊውን ያበዛል፣ ሌላው ሮዙን። የእኔ ዓይን ይለምደዋል። ማሽን ግን ሊሳሳት ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ማሽኑ ቀለሙን ራሱን መማሩ ነው። በ2021 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ የአሜሪካ የካንሰር ስላይድ ስብስብ ወሰዱ። ኮምፒውተሩ ስላይዱ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ከምስሉ ብቻ በደንብ መለየት ቻለ። አስቡት። አንዱ ሆስፒታል የባሰባቸው ታማሚዎች የሚላኩበት ከሆነ ማሽኑ ካንሰሩን ሳይሆን ሆስፒታሉን አይቶ "ይህቺ ትብሳለች" ሊል ነው። ወረቀት ላይ ውጤቱ ያምራል። ሌላ ቦታ ወስዳችሁ ስትሞክሩት ይወድቃል።

ይህንን ስለሚያውቁ የኔዘርላንድ ሰዎች በ2017 ሁለተኛ ውድድር አደረጉ። አሁን ስላይዱ 1,000 ሆነ፣ ሆስፒታሎቹም አምስት። ፕሮግራሞቹ አሁንም ጎበዞች ነበሩ። ከሁሉ የከበዳቸው ተነጥለው የተቀመጡ ጥቂት የካንሰር ሴሎችን ማግኘት ነበር። ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑትን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

የኢትዮጵያ ሴቶችን ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚያጠቃው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ፓቶሎጂስት ጥቂት ነው፣ ያለውም አብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማይደክም ረዳት ያስፈልገናል። ከማንም በላይ እኛን ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ። በ2018 የጉግል ተመራማሪዎች ስድስት ፓቶሎጂስቶችን በፕሮግራም እየታገዙና ሳይታገዙ አወዳድረዋል። ማይክሮ ሥርጭት ያለበትን ምስል ለማየት በአማካይ 116 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ወደ 61 ወረደ። ከ100 ያገኙት የነበረው 83 ወደ 91 ከፍ አለ። ስላይድ ተቆልሎ ለሚጠብቀው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩት በኔዘርላንድ ሴቶች ንፍፊት ነው። እኛ አገር የንፍፊት ቲቢ በጣም ብዙ ነው። እዚህ ያላችሁ የላብራቶሪ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ በየሳምንቱ እናየዋለን። የቲቢ ቁስል በምን የተሞላ ነው? በሂስቲዮሳይት! ማሽኑን የሚያሸውዱት እነዚያው ትልልቅ ፈዛዛ ሴሎች፣ ተቧድነውና ተጣብቀው። የኔዘርላንድ ስላይድ ላይ ይህ እምብዛም የለም። ማሽኑ ይህንን ሲያይ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ወይ "ካንሰር ነው" ብሎ ይደነግጣል። ወይ "ካንሰር የለም" ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ለእኔ የባሰ ነው። እውነቱን ነው፣ ካንሰር የለም። ግን ቲቢ አለ። የተጠየቀው ስለ ካንሰር ብቻ ስለሆነ ዝም ይላል። አንድ ሰው ግን ያንን ስላይድ ቢያይ ቲቢውን ሳይናገር አያልፍም።

ስለዚህ የራሳችን ስላይድ ያስፈልገናል። ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከመቀሌም፣ ከሐዋሳም። ቲቢ ያለበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የተሸበሸበ፣ ሁሉም። አምሮ የወጣውን ብቻ መርጠን ካስተማርነው በእውነተኛው ሥራ ላይ ይወድቅብናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ይህንን ለመናገር ነው የመጣሁት ብል ይሻላል።

አንድ ቀን ከሩቅ የመጣ ናሙና ተቀበልኩ። የታማሚዋ ወንድም ነው ይዞት የመጣው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ። ከጡቷ የወጣው እብጠት ሃይላንድ ውስጥ ነበር። ሲገባ ለስላሳ ነበር፣ ፎርማሊን ሲነካው ደረቀና በጠርሙሱ አንገት አልወጣ አለ። ጠርሙሱን በምላጭ ቀደድነው። ፎርማሊኑ ትንሽ ነበር፣ ከሥር ብቻ ነው የነካው። ስቆርጠው መሃሉ በስብሷል። ስላይዱ ተሠራ። ሴሎቹ ጠርዛቸው ጠፍቶ፣ ቀለም አልይዝ ብለው፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ሆኑብኝ። ካንሰር መሆኑን ከዳር ካለው አወቅሁ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት የሚነግረው የሆርሞን ምርመራ ግን የሚታመን አልሆነም። ወንድሟ ደጅ ቆሟል። "ዶክተር፣ ውጤቱ መቼ ይደርሳል?" አለኝ። እንደገና ናሙና መወሰድ አለበት ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "እሺ፣ አመጣታለሁ" አለ። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ያንን ስላይድ 0.994 ላገኘው ማሽን ብሰጠው ምን ያደርጋል? ምንም። የበሰበሰ ሴል ለእኔም ለእሱም አይነበብም። ኤአይ የሚያየው መስታወቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ መስታወቱ ላይ ያለው ደግሞ የሚወሰነው ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ፣ ሥጋው በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምትይዙትን ያዙልኝ። ናሙናው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። 10 ፐርሰንት የሆነ፣ አሲድነቱ የተስተካከለ ፎርማሊን። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ከሆነ እንደ ዳቦ ቆራርጡት፣ ውስጡ እንዲደርስ። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን። ለጡት ናሙና ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ከሰውነት የወጣበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት ዕቃው ላይ ጻፉ። ሁለቱንም።

ዛሬ በጀት በእጄ ቢሰጠኝ የመጀመሪያው ብር የሚሄደው ወደ ስካነር አይደለም። ወደ ፎርማሊን፣ ወደ አፈ ሰፊ ዕቃ፣ ወደ ማይክሮቶም ምላጭ፣ ቀጭን መቁረጥ ለሚችሉት ቴክኖሎጂስቶች ደመወዝ ነው። እነዚህ ሰዎች በጥናቶቹ ላይ ስማቸው አይነሳም። 399ኙን የኔዘርላንድ ስላይድ የቆረጠ፣ ያቀለመ፣ ሳይሸበሸብ መስታወት ላይ ያሳረፈ እጅ ነበር። ከዚያ ስካነሩ ይምጣ። ከዚያ ኤአዩ ይምጣ፣ እጄን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሡ። የሐኪም አባት ናቸው፣ ልጃቸውን ሊያዩ ነው የመጡት። "ልጄ፣ ማሽኑ ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?" አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ውጤቱ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ በመስከረም 2021 የመድኃኒትና ምግብ ባለሥልጣኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ የስላይድ ፕሮግራም ፈቅዷል፣ ለፕሮስቴት ካንሰር። ሲፈቅድም ለፓቶሎጂስቱ አጋዥ እንዲሆን ነው፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው አንተም ጊዜ ይሰጥህ" አሉ። ጥናቱን ያነበቡት መሰለኝ።

ሁለተኛዋ ሶፍትዌር የምትሠራ ልጅ ናት። "ከየት ልጀምር? ዳታው የት አለ?" አለችኝ። ዳታውን ትተሽ መጀመሪያ ነይና አንድ ጠዋት ባለ ሁለት ራስ ማይክሮስኮፑ ላይ አብረሽኝ ተቀመጪ አልኳት። ላፕቶፕ አትያዢ አልኳት።

ማክሰኞ መጣች። ስላይዱን አስገብቼ ምንም ሳልነግራት እንድታይ ተውኳት። ትንሽ ቆየችና "እዚህ ጋ፣ ፈዛዛ ትልልቆቹ... ስንዴ ናቸው አይደል? ካንሰር ነው?" አለች።

"አይደለም" አልኳት። "ቲቢ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ናት። ዛሬውኑ ለሐኪሟ እደውላለሁ።"

ወንበሯን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋችና "እስቲ ልዩነቱን እንደገና አሳየኝ" አለችኝ።